ኮሶ አንጀት ያጥባል?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቁርጥና ክትፎ በቀረበበት ገበታ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንጀት ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዱ ኮሶ አንጀትን ፍትግ አድርጎ ያጥባል ይላል፤ ሌላው የተላጠ አንጀት በአጥንት መረቅ ይጠገናል ብሎ ይመክራል። ሁለቱም አንጀትን እንደ ድስት የሚቆሽሽና የሚፋቅ ዕቃ ያደርጉታል።

የኮሶ ሥራ ከኮሶ ትል ጋር ነው። ትሉ በአራት መምጠጫዎቹ የአንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ መድኃኒቱ ያዳክመዋል፣ ተቅማጡ ጠርጎ ያወጣዋል። ግድግዳው ግን ማንም እንዲያጥበው አይጠብቅም፤ ምግብ የሚመጥጡት ሴሎቹ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ረግፈው በአዲስ ይተካሉ።

በእያንዳንዱ መጣጭ ሴል አናት ላይ ማይክሮቪላይ የሚባሉ 3,000 ያህል ዘንጎች ቆመዋል፤ የአንዱ ቁመት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ገደማ ነው። ቀጥ አድርጎ የሚያቆማቸው አክቲን የተባለ የፕሮቲን ክር ሲሆን፣ በአንድ ዘንግ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ክሮች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ክሮቹን እርስ በርስ የሚያስሩት ቪሊን፣ ፊምብሪንና ኢስፒን ናቸው።

መረቅ ይጣፍጣል፤ ይጠጣ። ነገር ግን የአጥንቱ ኮላጅን ከእነዚህ ዘንጎች ውስጥ የለም፤ ተበልቶም ሄዶ አይለጠፍም። መጀመሪያ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል፤ ሴሉ አክቲኑንም ቪሊኑንም በራሱ የዘር መመሪያ እንደ አዲስ ይሠራል። አሚኖ አሲዱ ከሽሮ ይምጣ ከሥጋ፣ ለሴሉ ልዩነት የለውም።

ሳይንቲስቶችም ቢሆኑ ከግምት አላመለጡም። ቪሊን ከሌለ ዘንጎቹ አይቆሙም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቪሊን የሌላቸው አይጦች ሲመረመሩ ግን ዘንጎቹ ቆመው ተገኙ። ኋላ ሦስቱም ማሠሪያዎች ሲወገዱ እንኳ አጠሩ እንጂ አልጠፉም። የአንጀት የውስጥ ገጽ የቴኒስ ሜዳ ያህላል የሚባለውንም እ.ኤ.አ. በ2014 የስዊድን ተመራማሪዎች ለክተው ወደ 30 ካሬ ሜትር አውርደውታል።

ዘንጎቹን በእርግጥ ከሚያሳጥሩት አንዱ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ጃርዲያ ነው። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚቀመጠው እነዚሁ ዘንጎች ላይ ስለሆነ፣ ጃርዲያ የያዘው ሰው ወተት ሲጠጣ ሆዱ ሊነፋ ይችላል። ያኔ ጥፋተኛ የሚባለው ወተቱ ነው።

ስለዚህ ሆድ ሲነፋ ወይም ሲያስቀምጥ ወደ ኮሶ አትሩጡ። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከማጥፋት የደረሰበት ጊዜ አለ። ሰገራ አስመርምሩ፤ ለጃርዲያም ለኮሶ ትልም ልኩ የታወቀ መድኃኒት አለ።