ድርሻ የሚቀበል ዕዳ አለበት

በኮሚሽን ብቻ የሚሠራ ሰው ቋሚ ደመወዝ የለውም፤ ካላገበያየ አይከፈለውም። ለዚህም ነው በዚህ ዓይነት ሥራ አዲስ ሰው መመልመል ለመልማዩ ብዙ ወጪ የማይጠይቀው። አዲሱ ሰው ከተሳካለት ከሚያስገኘው ገቢ ለቡድን መሪው ድርሻ ይደርሰዋል፤ ካልተሳካለት ደግሞ ሳይሰናበት ይቀራል። የጎደለ ነገር ስለማይታይ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ ጉባ ወረዳ ውስጥ የሞባይል ገንዘብ ወኪሎችን አስተባብራለሁ፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ሳይሰናበቱ ስለሚቀሩት ሰዎች ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አማዞን እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1996 መጻሕፍቱን በድረ ገጻቸው ላስተዋወቁ ሰዎች ከሽያጩ ድርሻ መስጠት ጀመረ፤ ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ አሶሳ ያሉ ወጣቶች በቴሌግራምና በቲክቶክ የሌላ ነጋዴ ዕቃ እያስተዋወቁ በተሸጠው ልክ ይከፈላቸዋል። ኬንያ ውስጥ በዚያው አቆጣጠር በ2007 የተጀመረው ኤም-ፔሳም የተስፋፋው ገንዘብ ተቀብለው በሚልኩና በሚከፍሉ ባለሱቆች ትከሻ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኤም-ፔሳም ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከተል፣ ሁለቱም ወደ ገጠር የዘለቁት በዚሁ መንገድ ነው። ባንክ ቅርንጫፍ ባልከፈተበት ቀበሌ ስኳርና ሳሙና የሚሸጠው ሰው የገንዘብ ተቋሙ ፊት ሆነ።

ጉባን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በግድቡ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ በዚህ ወረዳ ነው ያለው። ወረዳው ከዚህ ሌላም ኑሮ አለው። ከሱዳን ጋር ይዋሰናል፣ ከተማው ማንኩሽ ነው፣ ቆላው ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል፣ ከግድቡ ኋላ በተኛው ንጋት ሐይቅ ደግሞ ወጣቶች ዓሣ ያሰግራሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ኪሱ ውስጥ ይዞ ማደር አይፈልግም፤ በማግሥቱ ለሚስቱ ወይም ለእናቱ መላክ ይፈልጋል። ወኪል በብዛት የሚመለመለውም በዚህ ሰሞን ነው። ሥራው በሚበዛበት፣ ነባሮቹ ቀና ብለው ለማየት ጊዜ በማያገኙበት ወቅት አዲሱ ሰው ብቻውን ይቆማል።

አዲስ ወኪል መጀመሪያ የሚደነግጠው በሂሳብ ነው። በ20,000 ብር የጀመረ ሰው እንውሰድ፤ 8,000 በመሳቢያው፣ 12,000 በስልኩ ሂሳብ ላይ አለው። ጠዋት አንድ ሠራተኛ 5,000 ብር በእጁ ሰጥቶት ወደ ሂሳቡ እንዲያስገባለት ይጠይቀዋል። መሳቢያው 13,000፣ ስልኩ 7,000 ይሆናል። ከሰዓት በኋላ አንድ ነጋዴ 9,000 ብር ሊያወጣ ይመጣል። መሳቢያው ወደ 4,000 ይወርዳል፣ ስልኩ ወደ 16,000 ይወጣል። ድምሩ አሁንም 20,000 ነው፤ ኮሚሽኑ በዚያ ላይ ይጨመራል። ማታ መሳቢያውን ከፍቶ የሚያየው አዲስ ሰው ግን ጠዋት ከነበረው ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ማንኩሽ ላይ ሥራ የጀመረች አንዲት ወጣት አንድ ምሽት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አራት ሺህ ብር ጎድሎብኛል» አለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ደብተር እንድታወጣና ገጹን በመስመር ለሁለት እንድትከፍለው ነገርኳት፤ በአንዱ በኩል በእጅ ያለ፣ በሌላው በስልክ ያለ። ከስልኳ የቀኑን መልእክቶች እያነበበች አንድ በአንድ ሞላችው። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ደምራ ስትጨርስ ትንሽ ዝም አለችና «ሙሉ ነው እኮ!» አለች። የሠራችበት ገንዘብ የእናቷ ነበር፤ በቤተሰቡ ፊት አጠፋችው ልትባል ነው ብላ ነበር ስትሰጋ የዋለችው። ያን ደብተር አሁንም ትጠቀምበታለች፤ ለአዲሶችም እንዲሁ እያሰመረች ታሳያቸዋለች። ስለ ሂሳቡ አስቀድሞ ሥልጠና ወስዳ ነበር። ሥልጠና ላይ የተነገረ ነገር የራስ ገንዘብ የጎደለ ሲመስል ከአእምሮ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው የሚያነሳ ስልክ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ አላስተምርም። የአገልግሎቱ ዝርዝር ረጅም ነው፤ ብድሩ፣ ቁጠባው፣ የክፍያ ዓይነቱ በየጊዜው ይጨምራል፤ ይህ ሁሉ ሊቆይ ይችላል። ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል። አንደኛው የደብተሩ ሂሳብ ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ገባ የሚል አጭር መልእክት በደንበኛ ስልክ ላይ ቢያዩ እንኳ የራሳቸውን ቀሪ ሂሳብ ሳያረጋግጡ ከመሳቢያ አንድ ብር እንዳያወጡ ነው፤ አጭበርባሪ መልእክቱን አስመስሎ ይጽፈዋል፣ ቀሪ ሂሳብን ግን አስመስሎ ሊሞላው አይችልም። ሦስተኛው፣ የምስጢር ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይሰጡ ነው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ ለሚደውልም ቢሆን፣ ለእኔም ቢሆን። «ለእኔም» የሚለውን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። አጭበርባሪ የሚመርጠው አዲሱን ሰው ነው፤ የሚናገረውም በአለቃ ድምፅ ነው። አለቃውን የሚፈራ ወኪል ለአጭበርባሪ ቶሎ ይታዘዛል።

የደንበኛው ምስጢር ቁጥር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በገበያ ቀን አንድ አዛውንት ወረፋ ጠብቀው ይደርሱና ስልካቸውን ለወኪሉ ዘርግተው ቁጥሩን ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ ይናገራሉ። ማንበብ አይችሉም፤ የሚያምኑት ልጁን ነው። ልጁ ራሱ ቢነካው ሥራው በደቂቃ ያልቃል፣ ከኋላ የቆመውም አያጉረመርምም። እኔ የማስተምረው ስልኩን መልሰው ለአዛውንቱ እንዲያስይዙ ነው፤ «አባባ፣ እርስዎ ይንኩት፣ እኔ ቦታውን ላሳይዎት» ብለው፣ ቁጥሩ ሲነካ ፊታቸውን ዞር እንዲያደርጉ። ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ነገ አምስት መቶ ብር ቢጎድል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቁጥሩን የሚያውቀው ልጅ ነው። በትንሽ ከተማ አንዴ የተጠረጠረ ባለሱቅ ስሙን መልሶ አያገኘውም።

የቋንቋም ነገር አለ። ቴሌብር ሥራ ሲጀምር የቀረበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ጉባ ውስጥ ጉሙዝኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች አሉ፣ የበርታ ቋንቋ የሚናገሩም አሉ። በስልኩ ላይ የሌለው ቋንቋ ያለው በወኪሉ አፍ ነው። ስለዚህ ከአዲሶቹ መካከል የጉሙዝ ቋንቋ የሚችለው ልጅ አማርኛው ሰባራ ቢሆንም ለሥራው እጅግ ያስፈልጋል። ይህንንም ራሱ ማወቅ አለበት፤ በስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ከኋላ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። እኔ እንዲህ ላለው ወኪል ጽሑፍ አልክም። በድምፅ አጭር መልእክት አደርስለታለሁ፣ ከዚያ የተረዳውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ በእኛ ባህል ታላቁን አልገባኝም የሚል ታናሽ ጥቂት ነው።

የቡድን የቴሌግራም ገጽ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ መረብ በሌለበት ግን ማስታወቂያው ለማንም አይደርስም። ከማንኩሽ ወጣ ሲሉ አንዳንዱ ቀበሌ ስልክ የሚይዘው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲወጡ ነው። በዚያ ያለ ወኪል ማለዳ መልእክት አይቶ ቀኑን ሙሉ ላያይ ይችላል። ስለዚህ አስቸኳይ ነገር በስልክ ይነገራል፣ የሚቆይ ነገር በገበያ ቀን በአካል ይነገራል፣ ገጹ ላይ የሚቀመጠው ተመልሰው ሊያዩት የሚገባው ብቻ ነው። ጥፋት ገጹ ላይ አይነሳም። ሰው ፊት የተወቀሰ አዲስ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳሳት ይደብቃል፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ በገንዘብ ሥራ ውስጥ በየቀኑ ያድጋል። ምስጋና ግን በአደባባይ ይሁን፣ በስም ይሁን፣ ምን እንደሠራም ይጠቀስ።

ከሁሉ በፊት እውነት መናገር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ገቢ ትንሽ ነው። ክረምት ላይ ገበያው ይቀዘቅዛል። መረብ የሚቋረጥበት ቀን አለ። በ2013 ዓ.ም. ጉባ የሚገኝበት መተከል ዞን በኮማንድ ፖስት ሥር በነበረበት ጊዜ ቤቱን ጥሎ የሸሸውን ሰው ይህ አካባቢ ያስታውሰዋል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ያሳለፈ ሕዝብ ገንዘቡን ለአዲስ ፊት ለመስጠት ቢያመነታ አይፈረድበትም። መተማመን የሚመጣው ቀስ በቀስ መሆኑ ለአዲሱ ወኪል ከመጀመሩ በፊት ሊነገረው ይገባል። በወር ይህን ያህል ታገኛለህ ተብሎ የገባ ሰው ያን ሲያጣ የሚጠራጠረው ራሱን ነው።

እዚህ ላይ ከሥራችን ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር ስላለ በግልጽ መለየት አለበት። ዕቃ ወይም አገልግሎት ሳይኖር፣ ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ ሌሎችን በማስገባት ብቻ ይከፈላችኋል የሚሉ ሰዎች በየከተማው ይዞራሉ። የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተከልክሏል። በሕጋዊው ሥራ ውስጥ ላለ ቡድን መሪ የሚሆን ቀላል መመዘኛ ደግሞ አለ፤ ገቢህ የሚያድገው አዲስ ሰው ሲገባ ነው ወይስ የገባው ሰው ሲሠራ? በምልመላ ቁጥር የሚመካ መሪ ቀስ እያለ ወደዚያኛው መንገድ እየሄደ ነው። መልምሎ የዘነጋቸው ሰዎች የእናታቸውን ገንዘብ፣ የሱቃቸውን ስም፣ የጎረቤታቸውን እምነት አስይዘው የገቡ ናቸው።

ከሌላ ሰው ላብ ድርሻ የሚደርሰው ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውም በጊዜ፣ በመልስና በመገኘት ነው የሚከፈለው። የቡድን መሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ደብተር አውጡና ባለፉት ሦስት ወራት ያስገባችኋቸውን ሰዎች ስም በስም ጻፉ፤ በየስሙ ትይዩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳነጋገራችኋቸው መዝግቡ። ባዶ ሆኖ ለቀረው ስም ነገ ጠዋት ደውሉ፤ ስለ ሽያጭ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደከበደው ጠይቁት። ዝርዝሩ ከምትችሉት በላይ ከረዘመ፣ እነዚህን ሳታቋቁሙ ሌላ ሰው አትመልምሉ።