የሚገፋው፣ የሚወልደው ኮከብ

በታኅሣሥ ምሽት የአዲስ አበባው ሰንጋ ተራ የባንክ ሕንፃዎች ብርሃን ሰማዩን ያደበዝዘዋል። እንዲያም ሆኖ በምሥራቅ የሚወጡት ሦስቱ የኦሪዮን መቀነት ኮከቦች አይጠፉም። ከመቀነቱ በስተደቡብ የምትገኘውን ጭጋግ መሰል ነጥብ ለማየት ግን ጨለማ ያስፈልጋል፤ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉት እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነጥቧ ኦሪዮን ኔቡላ የተባለች የጋዝና የአቧራ ደመና ናት፤ ርቀቷ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

በመካከሏ ከፀሐይ ከ30 እጥፍ በላይ የሚከብድ ኮከብ አለ። አልትራቫዮሌት ጨረሩ በዙሪያው ያለውን ሃይድሮጅን ወደ 10,000 ዲግሪ ያግለዋል። የጋለው ጋዝ ይለጠጣል፤ ከፊቱ ያገኘውን ቀዝቃዛ ጋዝና አቧራ እንደ ግሬደር እየገፋ ይከምረዋል። ክምሩ በበቂ መጠን ሲከብድ በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ አዳዲስ ኮከቦችም ይወለዳሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ብሩስ ኤልምግሪንና ቻርልስ ላዳ ይህን ሐሳብ ያቀረቡት በ1977 እ.ኤ.አ. ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ቀላል ቢሆን መልካም ነበር። ያው ጨረር ኮከብ ሊሆን የሚችለውን ጋዝ ይበትናልም። በንስር ኔቡላ ያሉት ዝነኞቹ የጋዝ ዓምዶች፣ የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1995 እ.ኤ.አ. ያነሳቸው፣ በአቅራቢያቸው ባሉ ግዙፍ ኮከቦች ብርሃን እየተሸረሸሩ ነው። የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳየው ምስል ደግሞ በዓምዶቹ ዳርቻ ቀያይ ጨቅላ ኮከቦች ይታያሉ። ግፊቱ ባይኖርስ ይወለዱ ነበር? ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ።