የጎተራ አይጥ መከላከያ ቆርቆሮ በምን ይቆረጣል?

ጎተራን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በእግር ማቆምና በየእግሩ ክብ የቆርቆሮ መከላከያ ማልበስ እህልን ከአይጥ ያድናል። ይሁን እንጂ መከላከያው በአቆራረጡ ምክንያት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ትንሿ የቤት አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስለምታልፍ፣ የቆርቆሮው የመሐል ቀዳዳ ከእግሩ ጋር በደንብ መግጠም አለበት።

መከላከያው ከእግሩ ዙሪያ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲወጣ ይደረጋል። የእግሩ ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 65 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ክቡ በምስማርና በሲባጎ ተለክቶ በጠመኔ ይሰመራል። የእርሳስ ምልክት ዚንክ በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ዝገት ስለሚያመጣ አይመከርም።

ለስስና ልሙጥ ቆርቆሮ ተስማሚው መሣሪያ የቆርቆሮ መቀስ ነው። ቀጥታ የሚቆርጥ፣ ወደ ግራ የሚዞርና ወደ ቀኝ የሚዞር አለ፤ እጀታቸው በአብዛኛው በቅደም ተከተል ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ነው። አንድ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው አርሶ አደር የሚዞረውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ቀጥታም ይቆርጣልና። በሚቆረጥበት ጊዜ መቀሱን እስከ ጫፉ መዝጋት አይገባም፤ በተዘጋበት ቦታ ሁሉ እጅ የሚቆርጥ ሹል ይተዋል። ወፍራም የቆዳ ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው።

የብረት መጋዝ (ሴጌቶ) ስስ ቆርቆሮን ይነክሳል፣ ያጣምማልም። ሌላ ከሌለ ቆርቆሮውን በሁለት ጣውላ መሐል አጣብቆ በደቃቅ ጥርስ መቁረጥ ይቻላል። መሮና መዶሻ የመሐሉን ቀዳዳ ለመጀመር ብቻ ይጠቅማሉ።

በመብራት የሚሠራው ግራይንደር ፈጣን በመሆኑ ብዙዎች ይወዱታል፤ ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም። ሙቀቱ ዚንኩን ስለሚያቃጥል ጠርዙ ቶሎ ይዝጋል፤ ጭሱም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል። ከሁሉ የከፋው ፍንጣሪው ነው። ብዙ ሜትር ስለሚወረወር፣ ከአውድማና ከጭድ ክምር አጠገብ ከተሠራበት ከአይጥ ሊድን የታሰበው እህል በእሳት ይጠፋል።

ሥራው ሲያልቅ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል፤ ቁርጥራጩም አንድ ሳይቀር ይለቀማል። ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ የተዋጠ የቆርቆሮ ስባሪ የከብቱን ሆድ ወግቶ ልብ ድረስ ሊደርስ ይችላል።