አዲስ የተገጠመ ፍሪሲዮን አሟሽቶ ለጭነት ስለ ማብቃት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በደጀን፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ለሚገኙ ማኅበራት ማዳበሪያ የሚመጣውም ሆነ ጤፍ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በጭነት መኪና ነው። መንገዱም በዓባይ በረሃ ያልፋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መልሶ ይወጣል። አዲስ ነውና ምንም አይሆንም ተብሎ በተገጠመ ማግስት ሙሉ ጭነት ይዞ ወደዚህ ዳገት የተላከ ፍሪሲዮን ዕድሜው ሳይደርስ ሊቃጠል ይችላል። ማዳበሪያ የጫነ መኪና በሰኔ በረሃ ውስጥ ሲቆም ጉዳቱ የመለዋወጫው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዘር ወቅትም አይጠብቅም። ስለዚህ ይህን አጭር መመሪያ አዘጋጅተናል።

ማሟሸት ለምን ያስፈልጋል?

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው በሰበቃ ነው። በቮላኖውና በተጫኙ ሰሌዳ መካከል ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዲስኩ ይላቀቃል፤ ሲለቀቅ ተጨምቆ አብሮ ይዞራል። አዲስ ሸራ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ብረቱን የሚነካው ከፍ ከፍ ባሉት ቦታዎቹ ብቻ ስለሆነ የመያዝ ኃይሉ ገና አልተሟላም። በዚህ ጊዜ ከባድ ጭነት ቢያርፍበት ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ሲበዛ የሸራው ፊት እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። እንዲህ የሆነ ሸራ መንሸራተቱን አይተውም፤ መኪናው ሲነሣም ያንቀጠቅጣል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ቢጋገርበት እንጀራው እንደሚይዝ ሁሉ አዲስ ፍሪሲዮንም ሳይሟሽ ለሙሉ ሥራ አይደርስም።

ፍሪሲዮን የሚሟሸው በኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን በመረገጡና በመለቀቁ ብዛት መሆኑን እናሳስባለን። መኪናው በአንድ ማርሽ ሳይቆም ሲጓዝ ሸራውና ብረቱ አብረው ስለሚዞሩ አይፋተጉም። በተለምዶ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የሚመከረው መኪናው ቶሎ ቶሎ እየቆመና እየተነሣ ሲሠራ ነው። አምራቹ የሰጠው መመሪያ ካለ እርሱ ይቅደም።

ሲገጠም

1. የተቦረቦረ ቮላኖ በቶርኖ ይስተካከል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ይለወጥ።
2. በአዲሱ ሰሌዳ ላይ ያለው የዝገት መከላከያ ዘይት ይጠረግ። ሸራው ግራሶ በነካው እጅ አይያዝ። ከሞተር ወይም ከካምቢዮ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ አስቀድሞ ይደፈን።
3. ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን ሳይነካ የሚወርድበት ልክ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይስተካከል።

ሲሟሽ

1. መኪናው ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት ይሥራ። ከደጀን ወደ ቢቸና ያለው ደጋ በየቀበሌው እያራገፉ ለመሥራት ከበረሃው ይልቅ ይስማማል።
2. ሁልጊዜ በአንደኛ ማርሽ ይነሣ። ሞተሩ ሳይጮህ ፔዳሉ በዝግታ፣ ሳይንጠለጠል ይለቀቅ።
3. ዳገት ላይ መኪናውን በእጅ ፍሬን እንጂ በግማሽ ፍሪሲዮን አይያዙ።
4. በጉዞ ላይ እግር ከፔዳሉ ላይ አይረፍ።
5. ሌላ መኪና አይጎተትበት። የእጅ ፍሬን ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን መሞከርም በዚህ ጊዜ ይቅር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያለ ሽታ ቢኖር አያስደነግጥም። ሽታው ከበረታ ወይም ጭስ ከታየ ግን መኪናው ቆሞ ይቀዝቅዝ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ ወደ መካኒክ ይወሰድ።

ማሳሰቢያ

ማኅበራት ፍሪሲዮን የሚለወጥበትን ጊዜ ማዳበሪያ መጓጓዝ ከመጀመሩ በፊት እንዲያደርጉት እንመክራለን። የተገጠመበት ቀንና የኪሎ ሜትር ቁጥር በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ማሟሸቱ ሳያልቅ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ በረሃው እንዳይመደብ የማኅበሩ ኮሚቴ ይወስን። ሾፌሩ ብቻ ቢጠነቀቅ፣ ጭኖ የሚልከው ካልተጠነቀቀ ጥቅም የለውም። የልማት ሠራተኞችም ይህን ለሾፌሮችና ለኮሚቴ አባላት በአንድነት እንዲያስረዱ እናሳስባለን።