የካሽሚር ፍየል አመጋገብና የጠጉሯ ምርት

በሞንጎልያ አርብቶ አደሮች ዘንድ «ዙድ» እየተባለ የሚጠራው መቅሠፍት ብዙውን ጊዜ ጥንቱ ድርቅ ነው። በሞቃቱ ወራት ዝናብ ሲጠፋ ሣሩ ሳያድግ ይደርቃል፤ እንስሳቱም ገላ ሳይዙ በረዶው ይደርስባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 በደረሰው ዙድ ከአገሪቱ የቤት እንስሳት አንድ አምስተኛ የሚበልጠው አልቋል። ካሽሚር የሚገኝባቸው ፍየሎችም ከዚሁ እልቂት አልዳኑም።

ካሽሚር ማለት ከፍየሏ ሻካራ የላይ ጠጉር ሥር የሚበቅል፣ አማካይ ውፍረቱ ከ19 ማይክሮን የማይበልጥ ልስልስ ጠጉር ነው። እድገቱ የቀኑን ርዝመት የሚከተል በመሆኑ፣ ቀኑ ማጠር ከሚጀምርበት ከሰኔ አጋማሽ በኋላ አንሥቶ በአብዛኛው እስከ ታኅሣሥ ይቆያል። በዚህም የተነሣ መኖ ማብዛት የዚያኑ ያህል ጠጉር አያስገኝም። ሰውነቷን ጠብቃ ለመኖር የሚበቃትን ያገኘች ፍየል ከዚያ በላይ ብትቀለብ ካሽሚሯ እምብዛም አይጨምርም። ከዚያ በታች ስትወርድ ግን ጠጉሩ ያጥራል፤ ክብደቱም ይቀንሳል።

አሳሳቹ ነገር የተራበች ፍየል ጠጉር ቀጭን መሆኑ ነው። ገበያው ቀጭኑን ስለሚወድ ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ከሁሉ የሚከፋው በግልገሉ ላይ የሚደርሰው ነው። ካሽሚር የሚያበቅሉት የጠጉር ሥሮች የሚፈጠሩትና የሚጎለምሱት በእርግዝናው መጨረሻና ግልገሉ ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ እናቲቱ ከተራበች የግልገሉ የጠጉር ሥሮች ያንሳሉ፤ ኋላ የሚሰጥ ድርቆሽም አይመልሳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1990 በሞንጎልያ 5 ሚሊዮን ያህል የነበረው የፍየል ቁጥር በ2018 ወደ 27 ሚሊዮን ደርሷል። ያደረሰውም በአመዛኙ የካሽሚር ዋጋ ነው፤ የግጦሹ መሬት ግን ያው ነው።

ካሽሚሩ በማበጠሪያ የሚወሰደው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ፍየሏ ክፉውን ወራት አሳልፋ እጅግ በከሳችበት፣ ብዙዎቹም በሚወልዱበት ጊዜ ነው። ፍየል ስቡን የምታከማቸው በይበልጥ በሆድ ዕቃዋ ዙሪያ እንጂ ከቆዳዋ ሥር ስላልሆነ፣ ጠጉሯ ከተወሰደ በኋላ ብርዱ ቢመለስ የሚከላከልላት የለም። ዓይን በጠጉሩ ብዛት ይታለላል። ስለዚህ ወገቧና ፍርምባዋ በእጅ ይዳሰሳል፤ አጥንቱ ሹል ሆኖ የተገኘባት ፍየል አየሩ እስኪሞቅ ሳትበጠር ትቆያለች።