ትልቁ ስክሪን ለሳሎናችሁ ይሆን?

ለቤታችሁ ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ከሆነ፣ በየሱቁ ቀልባችሁን የሚስብ አንድ ዕቃ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሲያዩት ቴሌቪዥን ይመስላል፤ በተለምዶ "ሲፒዩ" የምንለው ሣጥን የለውም። ሁሉም ነገር ከስክሪኑ ጀርባ ተጠቃሎ ገብቷል፤ በጣት እየነኩም ይሠሩበታል። ሻጮቹ "ኦል ኢን ዋን" ይሉታል። ብዙዎቹ 24 ወይም 27 ኢንች ናቸው፤ 27ቱ ከጥግ እስከ ጥግ 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዋጋው ጥሩ ላፕቶፕ ሊገዛ ስለሚችል፣ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ልትመክሩበት ይገባል።

በመጀመሪያ በጣት መነካቱ አያጓጓችሁ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ኤች ፒ በጣት የሚነካ ኮምፒውተር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ስክሪን ላይ ክንድን ዘርግቶ መሥራት ያደክማል፤ የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ተናግሮ ነበር። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ገጽ ብታገላብጡ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። የቤት ወጪ ሂሳብም ሆነ የልጆች የቤት ሥራ የሚሠራው ያው በኪቦርድና በማውስ ነው። መንካቱ በእርግጥ የሚጠቅመው ፊደል ለሚቆጥር ሕፃንና ማውስ አልታዘዝ ላላቸው እናቶቻችን ነው። ባሕር ማዶ ካለ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር አንድ ምልክት መንካት ይበቃቸዋል፤ የልጅ ልጃቸውንም መነጽር ሳይፈልጉ ያዩታል።

እኔ ይህን ዕቃ የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ኤች ፒ እ.ኤ.አ. በ2007 "ታችስማርት" የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ፣ ሐሳቡ ቤተሰብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ተቀምጦ የሁሉንም ቀጠሮና መልእክት እንዲይዝ ነበር። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረበው ባለ 27 ኢንቹ "ሆራይዘን" ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ይጋደም ነበር፤ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ የገበታ ጨዋታ እንዲጫወትበት ነው የተሠራው። ሁለቱም ዛሬ አይመረቱም። በእነዚያው ዓመታት እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱን ስልክ ያዘ። አሁን በስንት ቤት አባት ሶፋው ላይ፣ እናት ወጥ ቤት፣ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሁሉም በየስልኩ ነው!

ሳሎን መሃል የተቀመጠ ባለ 27 ኢንች ስክሪን ግን ምስጢር አይደብቅም። ልጃችሁ የሚያየውን ወጥ እያማሰላችሁ ታዩታላችሁ፤ አባወራው የሚያየውንም እንዲሁ። (ብትስቁም፣ ለትዳር ምክር የሚመጡ ባለትዳሮች ስልክን ስንት ጊዜ እንደሚያነሡ አውቃለሁ።) ስለዚህ መኝታ ቤት ልታስቀምጡት ካሰባችሁ አትግዙት፤ ላፕቶፕ ይሻላችኋል። ሳሎን ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መግቢያ ክፈቱለት፤ የአዋቂዎቹን የይለፍ ቃል ደግሞ ሁለታችሁም እወቁት።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የመብራት ነገር ነው። አብዛኞቹ ባትሪ የላቸውም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ላፕቶፕ ሥራውን ይቀጥላል፤ ይህኛው ግን ወዲያው ይጠፋል፤ ሴቭ ያላደረጋችሁትም ሥራ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት እስክትዘጉት ጊዜ የሚሰጣችሁን ዩፒኤስ ከዋጋው ጋር አብራችሁ አስሉ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ጠይቁት። "100-240" የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። "120" ብቻ ካለ ግን ሳይቀይሩ መሰካት አይቻልም።

ያገለገለ ስትገዙ በተለይ ተጠንቀቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ2017 በፊት የወጡትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። የስክሪኑ ማማር አያታልላችሁ፤ "ዊንዶውስ 11 በትክክል ይቀበላል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከፍተውም ያሳዩአችሁ። ሚሞሪው 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻውም ኤስኤስዲ ቢሆን ለቤት ሥራ ይበቃል። ሚሞሪው በኋላ ሊጨመር ይችል እንደሆነም ጠይቁ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ መጨመር አይቻልም። ስክሪኑ ቢሰበር ደግሞ እንደ ድሮው ሌላ ስክሪን ገዝቶ መሰካት የለም፤ ማሽኑ ሁሉ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። ትናንሽ ልጆች ኳስ በሚያንከባልሉበት ሳሎን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት የሥዕል መሥሪያውን ፕሮግራም ክፈቱና በጣታችሁ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ መስመር አስምሩ። መስመሩ መሃል ላይ ከተቆረጠ እዚያ ላይ ስክሪኑ ንክኪ አይሰማም ማለት ነው፤ ሻጩ ሌላ ያምጣላችሁ።