የጅማ ቀይ አፈርና የአጥቢያ ኮከብ ዐለት

ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ በሚያወጡት መንገዶች ግራና ቀኝ የተቆረጠውን ደማቅ ቀይ መሬት አይቶ «ይህ አፈር ጥንት እሳተ ገሞራ ያቃጠለው ነው» የሚል ሰው ግማሽ እውነት ተናግሯል፤ የአገሩ መሠረት ከአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት መሆኑ እርግጥ ነውና። መቅላቱ ግን ከእሳት አይደለም።

ከቆረጣው አንድ ድንጋይ አንሥቶ በመዶሻ ለሚሰብር ሰው ነገሩ ይገለጥለታል፤ ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት በየሽፋኑ እየተላጠ በጣት ሲዳሰስ ይፈርሳል፣ ከሥሩ ቡናማው፣ ከቡናማውም ሥር ገና ያልተነካ ጠጣር ጥቁር ልብ ይገኛል። ዝናሙ ከአየሩና ከዛፍ ሥሮች ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተቀብሎ፣ ደካማ አሲድ ሆኖ ወደ ዐለቱ እየሰረገ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አሟሙቶ ሲወስድ፣ በስፍራው የቀረውን ብረት ኦክስጅን ያዝገዋል፤ ቀይ የምንለው ይህ ዝገት ነው። ቡና ስለበቀለበት ብቻ አፈሩን ባለጠጋ የሚያደርጉትም ይሳሳታሉ፤ ታጥቦ አሲዳም የሆነው ይህ መሬት ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ቡናው ከጥላው ዛፍ በሚረግፈው ቅጠል ብዙ ይረዳል።

ውሃ ባይኖርስ? መልሱ በንጋት ከምሥራቅ በምትወጣው አጥቢያ ኮከብ ላይ ይነበባል፤ እርሷም ኮከብ ሳትሆን ቬነስ የምትባል ፈለክ ናት። ግለቷ ለፀሐይ ከመቅረቧ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ይበልጥ የምትቀርበው ሜርኩሪ ሳትደርስበት፣ ቬነስ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸፍና ወደ 460 ዲግሪ ትግላለች። የድኝ አሲድ ዝናሟም፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው፣ ዐለቷን አይነካም፤ ገና በአየር ላይ ሳለ ተንኖ ይጠፋል። ዐለቱን የሚለውጠው ዝናሙ ሳይሆን የድኝ ጋዙ ራሱ ነው፤ ከዐለቱ ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ውሃ አልባ የጂፕሰም ዘመድ እንደሚሠራ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ አይተዋል።

በ1974 ዓ.ም. የካቲት የሶቪየቷ መንኮራኩር ቬኔራ 13 በዚያ ምድር አርፋ 127 ደቂቃ ስትሠራ የመረመረችው ዐለት ከጅማው የባዛልት ወገን ሆኖ ተገኘ። የላከችው ሥዕል ብርቱካንማ ሆኖ መታየቱ ወፍራሙ አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስላስቀረው ነው፤ ይህ ሲታረም ድንጋዩ ግራጫ ይመስላል።

ከጅማ ኮረብቶች የሚታጠበው ካልሲየም በጊቤ በኩል የወረደው ቱርካና ሐይቅ ላይ ያቆማል፤ በዴዴሳ በኩል ያለፈው ግን ዓባይን ይዞ ወደ ባሕር ያመራል፣ በባሕርም ካልሲየም ከካርቦን ጋር ተጣምሮ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። በቬነስ ይህን የሚያደርግ ውሃ ስለሌለ ካርቦኑ በአየር ላይ ቀርቶ፣ መሬቷን የእኛ አየር በባሕር ጠለል ከሚጫነው 90 ጊዜ ያህል አብልጦ ይጫናታል።